የወረፋ ድንጋዮች

«ድንጋያችን የታል?»

አበቡ ባዶ ጀሪካኗን እንዳንጠለጠለች ቦኖው ፊት ቆማ ቀረች። ትናንት ሃያ ድንጋይ የተሰለፈበት ቦታ ባዶ ነው። እዚህ ሰፈር ድንጋይህ ከተሰለፈ አንተ ተሰልፈሃል፤ ማንም አይነካውም። አባቷ አድማሴ በመሮ ሦስት ሰረዝ የጫረባት የእነ አበቡ ጥቁር ድንጋይ አራተኛ ነበረች።

ዱሮ ውሃው በየቀኑ ይመጣ ነበር። ከላይ በኩል በአረብ አገር ገንዘብ የሚሠራው ቤት እንደ እንጉዳይ ሲፈላ፣ ሁሉም ከዋናው መስመር እየጠለፈ ወደ ግቢው ሲያስገባ፣ የታችኛው ቦኖ በሦስት ቀን አንዴ ያለቅስ ጀመር። አድማሴ የቧንቧውን ቦይ በጎረምሳነቱ በነፃ ቆፍሯል። «ቆፋሪው እኛ፣ ጠጪው እነሱ» ሲል አበቡ በቃሏ እስክትይዘው ሰምታዋለች። ቀበሌ ሲሄድ መልሱ አንድ ነው፦ «ከተማው እያደገ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ድንጋዩ ሲጠፋ ሁሉም «እኔ ሁለተኛ ነበርኩ» አለ። ሁለተኛ የነበሩት ሰባት ሆኑ።

እማማ እታገኘሁ ጣታቸውን ወደ ይርገዱ ቀሰሩ። ይርገዱ ከወግዲ መጥታ አንድ ክፍል የተከራየች፣ ሁልጊዜ መጨረሻ የምትሰለፍ ወጣት ናት።

«መጨረሻ መሆን የሰለቸው ሰው ነው የበተነው» አሉ።

«ሃያ ድንጋይ የምሸከምበት ጉልበት ቢኖረኝማ፣ እማማ፣ ወንዝ እወርድ ነበር።»

«ምላሷን እዩልኝ። ዛሬ አትቀጅም።»

የትምህርት ቤት ደወል ሊደወል ነው። አበቡ ተስፋ ቆርጣ፣ ባዶ ጀሪካኗን እንደያዘች፣ ከላይ በኩል ወዳለው ወደ ክፍል ጓደኛዋ ወደ ራሕማ ቤት ወጣች። የራሕማ እናት ጅዳ ናት፤ በምትልከው ገንዘብ አዲሱ ቤት አልቆ አሁን አጥሩ ይገነባል። አበቡ በሩ ጋ ስትደርስ በአጥሩ እርጥብ ሲሚንቶ ውስጥ ሦስት ሰረዝ ያለባት ጥቁር ድንጋይ አየች።

«ራሕማ፣ ይቺ የእኛ ናት።»

የራሕማ ፊት ተለዋወጠ። «ወላሂ እኛ አላዘዝንም። ግንበኞቹ ከደሴ ነው የመጡት። ዛሬ ማለዳ ድንጋይ አለቀባቸው፤ ቦኖው ጋ ተደርድሮ ሲያዩት ሰው የጣለው መስሏቸው አመጡት።»

«ታዲያ ነይ እንንገራቸው። ይርገዱን ሌባ አድርገዋታል።»

«አበድሽ እንዴ? አባባ ቧንቧውን ያለ ፈቃድ ነው ያስገባው። ሰዉ እዚህ ከመጣ እሱንም ያያል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አብሽሪ፣ ጀሪካንሽን አምጪ። ከዛሬ ጀምሮ ከእኛ ትቀጃለሽ። በጓሮ በር ግን።»

ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ጮኸ። አበቡ እንዲህ ያለ ድምፅ ከሰማች ሦስት ዓመቷ ነው። ከእንግዲህ ሰልፍ የለም፣ ማርፈድ የለም፣ የአባቷም ምሬት የለም። ጀሪካኑ ግማሽ ሲደርስ ከታች የእማማ እታገኘሁ ጩኸት ተሰማ፤ አሁንም የሚሰድቡት ይርገዱን ነው።

አበቡ ቧንቧውን ዘጋችው።

«አልሞላም እኮ» አለች ራሕማ።

«አውቃለሁ።»

ጀሪካኑን እዚያው ትታ ቁልቁል ወረደች። ከኋላዋ ራሕማ ስሟን ጠራች፤ አልዞረችም። ይርገዱ ከሰልፉ ተገፍታ ቦኖው አጠገብ ባለ የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣለች።

«እትዬ ይርገዱ» አለች አበቡ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብላ፣ «ጀሪካንሽን ያዢና ተከተይኝ። ድንጋዮቹ ያሉበትን ላሳይሽ።»

ይርገዱ ተነሣች። ሁለተኛ የነበሩት ሰባቱም፣ ማን ይቅደም ሳይባባሉ፣ ከኋላዋ ተከተሉ።