ቢጫው ቦቲ የማን ነው?

ጣና ሐይቅ ዳር፣ ጥቁር ድንጋይ በበዛበት ሰፈር፣ ትርንጎ የምትባል ልጅ አለች።

ቅዳሜ ጠዋት የሰፈሩ ሰዎች ከረጢት ይዘው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ማንም አያዛቸውም። ሐይቁን ስለሚወዱት ነው።

ትርንጎም ትወርዳለች። ከረጢቷ ከእሷ ይበልጣል። እሷ ናት የምትጎትተው ወይስ እሱ ነው የሚጎትታት? እናንተው ፍረዱ።

ከፊት የሚሄዱት እትዬ ደብሬ ናቸው። አንገታቸው ላይ መነጽር አንጠልጥለዋል፣ በእጃቸው ባዶ ቆርቆሮ ይዘዋል። መነጽሩ ሩቅ ያለችውን ወፍ አፍንጫ ሥር ያመጣታል!

እትዬ ደብሬ ወፍ ሲያዩ ቆርቆሮው ውስጥ ጠጠር ይጥላሉ። ኳ! ሌላ ወፍ፣ ሌላ ጠጠር። ኳ! በኋላ ጠጠሩን ቆጥረው ስንት ወፍ እንዳዩ ያውቃሉ።

ቆሻሻ ሲገኝ ደግሞ ከረጢት ውስጥ ይገባል። ቧ!

«አትርሱ!» ይላሉ እትዬ ደብሬ። ሁሉም አብሮ ይመልሳል፦ «የሐይቁን ለሐይቁ! የሰውን ለከረጢቱ!»

ቀንድ አውጣ? የሐይቁ ነው። እዚያው ይቀመጥ። የፕላስቲክ ጠርሙስ? የሰው ነው። ቧ!

የወፍ ላባ? የሐይቁ ነው። የተበጠሰ ነጠላ ጫማ? የሰው ነው። ቧ!

የትርንጎ ልብ ግን መነጽሩ ላይ ነው። «እትዬ ደብሬ፣ እኔም ልይበት!»

«ከረጢትሽ ጢም ብሎ ሲሞላ ታዪበታለሽ» አሏት።

ትርንጎ ጎንበስ ቀና፣ ጎንበስ ቀና አለች። ቧ! ቧ! ቧ! ከረጢቷ ሊሞላ አንድ ነገር ብቻ ቀረው።

ያን ጊዜ አየችው! ሁለት ድንጋዮች መሃል አንድ ቢጫ ቦቲ ጫማ ተሸጉጧል። እንዴት ያለ ትልቅ ቦቲ!

«የሰውን ለከረጢቱ!» ብላ ሳብ አደረገችው።

«ጭው! ጭው! ጭው!» ከቦቲው ውስጥ ጥቁርና ነጭ ወፍ ብር ብላ ወጣች። ድንጋይ ላይ ቆማ፣ ጭራዋን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ እያደረገች ጮኸች።

ትርንጎ ወደ ቦቲው ውስጥ አጮለቀች። ሣር አለ። ላባ አለ። ላባው ላይ ሦስት ትንንሽ እንቁላሎች ተኝተዋል።

እጇን ቶሎ ሰበሰበች። ከረጢቷን አየች። መነጽሩን አየች። ወይኔ፣ እንዴት ጨነቃት!

ጎረቤቷ አያ ስማቸው ረጅም ዘንግ ይዞ መጣ። «አቃተሽ እንዴ? ቆይ እኔ ላውጣልሽ! በመነጽሩም ዛሬ ታያለሽ።»

ትርንጎ እጆቿን ዘርግታ ቦቲው ፊት ተገተረች። «አይነካም!»

«ቦቲ እኮ የሰው ነው፣ ትርንጎ።»

«ቦቲው የሰው ነው። እንቁላሎቹ ግን የሐይቁ ናቸው!»

ሰው ሁሉ ወደ ቦቲው ዞረ። ሿ… ሿ… አለ ሐይቁ። አያ ስማቸው ጎንበስ ብሎ አየና ዘንጉን ከኋላው ደበቀ።

«ከረጢቴ ግን አልሞላም» አለች ትርንጎ። እንባዋ ዱብ አለ።

እትዬ ደብሬ መነጽሩን ከአንገታቸው አውጥተው አንገቷ ላይ አጠለቁላት። እስከ ሆዷ ደረሰ!

«ቀርበን ካየናት ወፏ ትሸሻለች። ከሩቅ የሚጠብቅልን ሰው ያስፈልገናል። ጠባቂዋ አንቺ ነሽ» አሏት።

ሁሉም ራቅ አሉ። ትርንጎ በመነጽሩ አየች። ወፏ ግራ ቀኝ ተመለከተችና ቦቲዋ ውስጥ ገባች።

«እትዬ ደብሬ፣ ጫጩቶቹ መቼ ይወጣሉ?»

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፣ ልጄ።»

ቅዳሜ መጣ። ትርንጎ ከሩቅ አየች። ወፏ ገባች፣ ወጣች።

ሌላ ቅዳሜ መጣ። ወፏ በአፏ ትል ይዛ ገባች። «ጭው ጭው ጭው!» የሚል ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

ሌላም ቅዳሜ መጣ። ከቦቲው አፍ አንድ ጫጩት ብቅ አለ። ዘለለ። ድንጋዩ ላይ ኩስ ኩስ እያለ ሮጠ! ሌሎቹ ሁለቱም ተከተሉት።

«እትዬ ደብሬ! እንቁላሉ በእግሩ ሄደ!»

እትዬ ደብሬ ሳቁ። ቆርቆሮውን ለትርንጎ ሰጧት። ኳ! ኳ! ኳ!

በሚቀጥለው ቅዳሜ ትርንጎ ወደ ቦቲው ቀረበች። ዝም ብላ ግን አልነካችውም፤ ሰው ቤት እንዲህ አይገባም። «ቤቶች!» ብላ ተጣራች።

መልስ የለም። «ቤቶች!» አለች እንደገና። ማንም የለም። ወፎቹ ሐይቁ ላይ እየበረሩ ነው።

«የሐይቁን ለሐይቁ! የሰውን ለከረጢቱ!» ቧ! ከረጢቷ ጢም ብሎ ሞላ።

ማታ ትርንጎ ብርድ ልብሷ ውስጥ ጥቅልል ብላ ተኛች። አፍንጫዋ ብቻ ይታያል።

እናቷ በሩ ላይ ቆማ ቀስ ብላ «ቤቶች!» አለች።

መልስ የለም። ትርንጎን እንቅልፍ ወስዷታል።