የዲሪርሳ ሰርዶ

የሚኖሩበት ቤት በማን የገብስ ማሳ ላይ እንደቆመ ጠይቀው ያውቃሉ? ካልጠየቁ የኦቦ ዲሪርሳን ሞት ይስሙ። ከተማ ሰፋ ሲባል ይጨበጨባል፤ የጠበበበትን ሰው ግን ማን ያየዋል?

ጥር 2008 ነው። ማስተር ፕላኑ ገበሬውን ሊነቅል ነው ተብሎ በየመንገዱ ጎማ የሚቃጠልበት ሰሞን። ኦቦ ዲሪርሳ ሱሉልታ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር፣ ከአንድ የጎማ አመድ አጠገብ ጭንቅላታቸው ተፈንክቶ በማለዳ ተገኙ።

ኢንስፔክተር ፌኔት ስትደርስ ገዳዩ ተይዟል አሏት። የሟች ልጅ ሌንጮ በካቴና ታስሯል።

«ወጣቶቹ ድንጋይ ሲወረውሩ የሱ ድንጋይ አባቱን መታ» አለ የቀበሌው ሊቀመንበር ታመነ፣ ዓይኑን እየጠረገ። «ክርስትና ያነሣሁት ልጄ ነው፤ ግን እውነት እውነት ነው። ስድስት ሰዓት ላይ የእስረኛ መኪና ይወስደዋል።»

በዚያ መኪና የሄደ ልጅ መቼ እንደሚመለስ የሚናገር የለም። ፌኔት ይህን ታውቃለች። ሬሳው አጠገብ ተንበረከከች። ጋቢያቸው ተራግፏል፤ የጫማቸው ጭቃ ተጠርጓል። ቀኝ እጃቸው ግን እንደተጨበጠ ነበር። ስታላቅቀው ከነሥሩ የተነቀለ እርጥብ ሰርዶ አገኘች። ዙሪያዋ ጠጠርና የደረቀ ገለባ ብቻ ነው።

ማዶ ካለው አዲስ ቤት ባለቤቱን ተክሉን አስጠራች።

«ከሟቹ ጋር ጠብ ነበራችሁ ይባላል።»

«ጠብ? እኔ መሃል ከተማ ቤቴ ፈርሶብኝ የመጣሁ ሰው ነኝ። መሬቱ የእሳቸው እንደነበር ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው። ትናንት አመሻሽ መጥተው ‹ነገ የቀበሌው ስብሰባ ላይ ሁሉንም እናገራለሁ፤ አንተም ተታለሃል› አሉኝ። ከዚያ ጓሮዬ ገብተው እርጥብ ሣር ፈለጉ። አጡ። ለላም መስሎኝ!»

ሌንጮን ለብቻው አነጋገረችው።

«ድንጋይ ወርውረሃል?»

«ወርውሬያለሁ። አባቴ ላይ? ያ ዋቃ! ለቦኖ ውሃ ነው ተብሎ ሠላሳ ስምንት ገበሬ በአውራ ጣቱ ፈረመ። ያው ፊርማ መሬት ከለቀቁበት ወረቀት ጋር ተያይዞ ተገኘ። ማን እንዳያያዘው አባቴ ደርሶበታል። ስሙን ግን ደበቀኝ፤ ‹ካወቅህ ቤቱን ታቃጥላለህ፤ መጀመሪያ እኔ ልምከረው› አለ።»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሲል ፌኔት ለቀስተኛውን ሁሉ፣ ተክሉንና ሌንጮን፣ የሟችን ሚስት አደ ተረፈችንም ጨምራ ወደ ታመነ ግቢ አስገባች።

«እርጥብ ሰርዶ ይዞ ለእርቅ የመጣን ሰው ጠላቱ እንኳ አይነካውም» አለች። «ኦቦ ዲሪርሳ የሞቱት ሰርዶ ይዘው ሲማጠኑ ነው። ገዳዩ ልብሳቸውን አራግፎ፣ ጫማቸውን ጠርጎ መንገድ ዳር ጣላቸው። እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ጭብጣቸውን ለምን አልፈታም?»

መልሱን ራሷ ሰጠች።

«ስለፈራ ነዋ! አቶ ተክሉ ቢሆኑ ከጭቃው ጋር ጠርገው ይጥሉት ነበር፤ ለእሳቸው የላም መኖ ነው። የተማጠኑበትን ሰርዶ ከሬሳ እጅ መንጠቅ የሚፈራ እዚሁ ያደገ ሰው ነው።»

«ሌንጮስ የት አደገ?» አለ ታመነ።

«ልክ ነዎት። ግን ቦኖው ከደረቀ ሦስት ወሩ ነው። በዚህ ሰፈር እርጥብ ሰርዶ ከየት ይመጣል?»

ቀድማ ወዳየችው የአጥሩ ጥግ ሄደች። ከመሬት የወጣ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ ዙሪያው ለምልሟል። መሃሉ ላይ በጭብጥ ልክ የተነቀለ ባዶ ቦታ አለ። ፌኔት የሟቹን ሰርዶ አስቀመጠችበት። ልክክ አለ።

«የሕዝቡን ውሃ ወደ ጓሮዎ ጠለፉ፤ ኦቦ ዲሪርሳ ሌላ ቦታ ያጡትን ሰርዶ እዚሁ እርስዎ ደጅ ነቀሉት።»

ታመነ ወደ ግቢው በር አፈገፈገ። «ዲሪርሳ ‹ነገ ራስህ ተናገር› አለኝ። ሰዉ ቤቴን ሊያቃጥል ነው! እኔ ምን ላድርግ? ፊርማውን ታዝዤ ነው ያያያዝኩት!»

የሌንጮ ካቴና ተፈታ። አደ ተረፈች ግን ወደ ልጃቸው አልሮጡም። ታመነ ፊት ቆመው አውራ ጣታቸውን አሳዩት።

«አበልጄ፣ እኔን አትየኝ፤ ወደ ለቀስተኛው ዙር። ማን አዘዘህ? የሠላሳ ስምንት ሰው ጣት ለማን ሰጠህ? ስሙን ጥራ። ጮክ ብለህ፣ ሁሉም እየሰማ!»