ሠላሳ ስድስተኛው ድምፅ

ወይንሸት ከዚራ ሰፈር ስትደርስ ሟቹ ጎኑ ተከፍቶ የሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ነበር። ስክሪኑ ይበራል፤ ነጭ ቀለበት ጥቂት ይሽከረከርና ይጠፋል፤ ደግሞ ይበራል። ከኮምፒውተሩ ፊት ማንም የማይቀመጥበት ወንበር አለ፤ የላብ ፎጣ እንደተንጠለጠለበት ነው። የድሮው የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ አቶ ወልደጻድቅ ከሠላሳ ዘጠኝ ቀን በፊት ሞተው የተገኙት እዚያ ላይ ነበር። ያን ቀን ሚስታቸውና ሴት ልጃቸው ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ፣ ዘመድ ሊጠይቁ ሄደው ነበር።

«ባሌ ዳግመኛ ሞተብኝ፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች። ዓይናቸው ከደከመ ሦስት ዓመት ሆኗል። ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ወንበሩ ነበር።

የሆነውን የነገረቻት ያን ቀን ከሥራ የቀረችው ልጃቸው የምሥራች ናት። ከተማው በሩን ዘግቶ በሚተኛበት የቀትር ሰዓት አባቷ ማየት ለተሳናቸው ሚስታቸው የባቡሩን ዘመን ትዝታ ይቀዱ ነበር። ሠላሳ ስድስት ቅጂ ትተዋል። ከቀብሩ ወዲህ የምሥራች ዋሂል ገጠር አስተምራ ስትመለስ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አንድ አንዱን በተራ ለእናቷ ታሰማለች። ማክሰኞ ሠላሳ አምስተኛው ተሰማ። ረቡዕ ማሽኑ አልነሣ አለ።

«ነገ አርባው ነው» አለች። «እማዬ የመጨረሻውን ሳትሰማ...»

ወይንሸት ኮምፒውተር ጠጋኝ ናት፤ ትንሽ ታወራለች፣ ብዙ ታያለች። ዲስኩን ነቅላ ከላፕቶፗ ጋር አገናኘችው። ረቡዕ ሰባት ሰዓት ላይ አዲስ አፕዴት ተጭኗል፤ ገና በሙከራ ላይ ያለ፣ ቤታ የሚሉት። አሮጌው ማሽን አልቻለውም። ሲወድቅ ፋይሎቹ ይቆዩ ወይስ ይጥፉ ብሎ ጠይቋል። የተመረጠው «ይጥፉ» የሚለው ነው።

«ራሱን አልገደለም» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ቤታ እንግዳ ነው፤ ካልጋበዙት አይገባም።»

ጠረጴዛው አቧራ ለብሷል። በማሽኑ አንድ ጎን ግን ነፋስ የጠረገው የሚመስል ንጹሕ መስመር ይታያል። ከፊት ካሉት የፍላሽ ቀዳዳዎችም አንዱ ብቻ አቧራ የለውም።

የግቢውን ሰርቪስ ቤት የተከራየው ሞባይል ሻጩ ፋራህ ነው።

«የኢንተርኔቱ ባለቤት አንተ ነህ አሉ።»

«አቦ፣ የይለፍ ቃሉን ድመቷም ታውቀዋለች። ረቡዕ የሳምንት ጥቅሌን በአንድ ቀትር ጨረሱብኝ።»

«የሽማግሌው ድምፅ ይረብሽህ ነበር?»

«ወላሂ አልዋሽሽም። ጫቴን ይዤ በርጫ ላይ ቁጭ ስል የሞተ ሰው በግድግዳው ያወራል። ጓደኞቼ ከቤቴ እግራቸውን ቆረጡ። ግን ሽማግሌውን እወዳቸው ነበር። አሮጌ ማሽን ላይ ቤታ እንዳትጭኑ፣ ይገድለዋል ብዬ ቤቱን ሁሉ ያስጠነቀቅሁት እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዘነበች አልጋቸው ላይ ቁጭ ብለው ነበር።

«ረቡዕ ቀትር የሰሙት ነገር አለ?»

«ነፋሱ ሄደብኝ። ከራስጌዬ ያለው ቬንትሌተር ዝም አለ። መብራት ጠፋ ብዬ ባደምጥ ፍሪጁ ይጮኻል። ወልደጻድቅ መጥቶ ወሰደው ብዬ ተኛሁ።»

«ለምን ይወስዱታል?»

«ማሽኑ ከባድ ሥራ ሲይዝ ነፋሱን ወደሱ ያዞር ነበር። ‹እኔ ሙቀቱን ለምጄዋለሁ፣ እሱ አልለመደም› ይል ነበር።»

ወንድ ልጃቸውን ዓብዩን ከኢንዱስትሪ ፓርኩ የጠዋት ፈረቃ ሲመለስ በሩ ላይ አገኘችው።

«ረቡዕ የት ነበርክ?»

«ፋብሪካ።»

«አባትህ ያረፉ ቀንስ?»

«ፋብሪካ አልኩሽ። እህቴ ነገሩን ባታከብደው ጥሩ ነው። የመጨረሻው ቅጂ አባዬ ሙቀት በዛብኝ እያለ የሚያማርርበት ነው። ለእማዬ ምን ይጠቅማታል?»

ወይንሸት ገብታ፣ የምሥራች የቅጂዎቹን ዝርዝር የጻፈችበትን ደብተር ጠየቀች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናት፣ ሁለቱ ልጆችና ፋራህ ሳሎን ተቀመጡ። ቬንትሌተሩ ጥግ ላይ ይዞራል።

«የምታሳስሪኝ ከሆነ ጫቴን ልጨርስ» አለ ፋራህ።

«አንተ አይደለህም። ገዳዩ፣ ማሽኑ እንዳይሞቀው አራግቦለታል። ከወይዘሮ ዘነበች ራስጌ ቬንትሌተር የሚያነሣ ሰው ጓዳቸው መግባት የለመደ ነው።»

«የጓዳቸውን ደፍ ረግጬው አላውቅም።»

«የምሥራች ረቡዕ ዋሂል ክፍል ውስጥ ነበረች» አለችና ወይንሸት ደብተሩን ገለጠች። «ሠላሳ ስድስተኛው፣ አርባ ስምንት ደቂቃ ይላል። ቀኑ አቶ ወልደጻድቅ የሞቱበት ቀን ነው። እየቀዱ ነው የሞቱት። ታዲያ ቀረጻውን ማን አቆመው? ያን ቀትር ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ነበር። የመጨረሻውን ማንም አልሰማም፤ ዓብዩ ግን ስለ ሙቀት እንደሚያማርሩ ነገረኝ።»

ዓብዩ መሬት መሬት አየ።

«ያን ቀን ፈረቃዬን ዘልዬ ከውስጥ ክፍል ተኝቼ ነበር» አለ። «አባዬ ሦስት ጊዜ ጠራኝ። ሰማሁት። አሁን እነሣለሁ፣ አሁን እነሣለሁ እያልኩ... ስነሣ አይተነፍስም። ቀረጻው ይሄዳል። አቆምኩትና ሸሽቼ ወጣሁ።»

«አንዱን ብቻ ለምን አላጠፋኸውም?» አለች የምሥራች።

«ደብተርሽ ላይ አለ። ማን አጠፋው ትያለሽ። ማሽኑ ከሞተ ግን ማንም አይጠየቅም ብዬ ነው።»

«የሚያራግብ እጅ ድምፅ አይቀብርም» አለች ወይንሸት። «የፍላሹ ቀዳዳ አቧራ የለውም። ሳታጠፋቸው በፊት ሁሉንም ወደ ፍላሽ ገልብጠሃል።»

ዓብዩ እጁን ኪሱ ከተተና ትንሿን ፍላሽ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«የመጨረሻውን አሰሚኝ» አሉ ወይዘሮ ዘነበች።

«እማዬ፣ ይቅርብሽ» አለ ዓብዩ።

«ሠላሳ ዘጠኝ ቀን ብቻውን ሞተ ብዬ ነው ያለቀስኩት። አሰሚኝ።»

ወይንሸት ፍላሹን ላፕቶፗ ላይ ሰካችው። የሽማግሌው ድምፅ ስለ አንድ የዘገየ ባቡር እያወራ ቆየ። ቀስ በቀስ ትንፋሹ አጠረ።

«ዓብዩ። ቬንትሌተሩን ወደኔ አዙርልኝ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም።

«ዓብዩ።»

«ይጠራሃል» አሉ ወይዘሮ ዘነበች፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

ሦስተኛው ጥሪ ሲመጣ ዓብዩ ተነሣ። ቬንትሌተሩን ከጥግ ጎትቶ ወደ ባዶው ወንበር አዞረው። የአባቱ ፎጣ መወዛወዝ ጀመረ።