ቀዩ ፍላሽ

ፎቶ አንሺው የሚሠራው በቤቱ ሳሎን ነው። ኮምፒውተሩ በመስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ደንበኛ ሁሉ ፍላሹን ይዞ ይመጣል፤ አንዱ ሲነቀል ሌላው ይሰካል። በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የሆነችው ታናሽ እህቱ በነፃ የሚገኝ የቫይረስ መከላከያ ጭናለት ነበር። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ፍላሽ ሁለት ደቂቃ ይፈትሻል። እሱ ግን ሰው በተሰለፈ ቁጥር ያቆመው ጀመር፤ በመጨረሻ ከናካቴው አጠፋው።

«ጋሼ፣ ኧረ ተው! በነፃ የተገኘ ነገር ምን ከበደህ?»

«ደኅና ነገር በነፃ ሲሰጥ የት አየሽ? ደግሞም እኔ ፎቶ አንሺ እንጂ ኬላ ጠባቂ አይደለሁም!»

አንድ ጠዋት ኮምፒውተሩን ሲከፍት አንድም ፎቶ አልከፈት አለው። ቫይረስ ሁሉንም ቆልፏቸዋል። ከእነዚያ መካከል የሰፈሩ ብረት በያጅ የራሱን እህት የዳረበት የሠርግ ፎቶ ነበር። የበያጁ እናት ካሜራ ሲያዩ ፊታቸውን የሚሸፍኑ ሴት ነበሩ፤ በዚያ ሠርግ ብቻ ስቀው ተነሡ፤ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቱ። በካሜራው ካርድ ላይ የነበሩትም ለሌላ ሥራ ቦታ እንዲለቁ ተሰርዘዋል።

ፎቶ አንሺው ንዴቱን የሚያወርድበት አጣ። «አንቺ ነሽ የነካካሽው!» ብሎ እህቱን በጥፊ አጮላት። ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሟ የኮምፒውተሩ ቁልፎች ላይ ተንጠባጠበ። ከንፈሯን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ከሰዓት በያጁ መጣ፤ የሆነውን ሰማ።

«እናቴን ነው ያጠፋህብኝ? እናቴን?»

አንቆ ከግድግዳው ጋር አላተመው። አፍንጫውን በቡጢ ሰበረው። ሲወድቅ የካሜራ ማቆሚያውን ብረት አንሥቶ ቀኝ እጁን ደጋግሞ መታው፤ አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። አራተኛውን ምት የተቀበለችው ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ከላዩ የተደፋችው የፎቶ አንሺው እህት ናት። በያጁ የሴት ጀርባ መምታቱን ሲያይ ብረቱን ጣለው።

ከወር በኋላ በያጁ አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

«የአክስቴ ልጅ እናቴን በስልኩ አንዴ አንስቷት ነበር። እባክህ በወረቀት አትምልኝ» ብሎ ቀይ ፍላሽ ዘረጋ። የሠርጉን ዘፈኖች ወደዚህ ኮምፒውተር ያመጣበት ያው ፍላሽ ነው።

የፎቶ አንሺው እጅ በጄሶ ታስሯል፤ መከላከያውንም እህቱ መልሳ ጭናለታለች። «እቱ፣ አንቺ ስኪው። መጀመሪያ ግን ይፈተሽ» አለ።

ሦስቱም ሁለቱን ደቂቃ ጠበቁ። ስክሪኑ ቀላ።

«ያው ነው» አለች እህት። «ፎቶዎቹን የቆለፈው ቫይረስ። ከሠርጉ በፊት ጀምሮ እዚህ ፍላሽ ላይ ነበር።»

በያጁ ሶፋው ላይ ዝርፍጥ አለ። «እኔ ነኝ ያመጣሁት?»

«ያመጣኸው አንተ፣ በሩን የከፈትኩለት እኔ» አለ ፎቶ አንሺው። ከዚያ የእህቱን ከንፈር ጠባሳ አየ። «እሷ ብቻ ናት የዘጋችው። እሷን መታኋት።»

«ይቅርታህን በኋላ» አለች እህት ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «አሁን ዳግመኛ እንዳታጠፋው።»

ወገኖቼ፣ ይህ መከላከያ ዋጋ የለውም ብለን አንናቀው፤ በየቤታችን ኮምፒውተር ላይ እንጫነው፤ ሲፈትሽም እንታገሠው። ፕሮግራሙ ፍላሹን ሲያጸዳ ፎቶው ተከፈተ። እናትየው ከሰው ኋላ ቆመዋል፤ የሚታየው የፊታቸው ግማሽ ብቻ ነው። ሙሉው ፊታቸው፣ ከነሳቃቸው፣ ሁለት ደቂቃ የሚጠብቅለት ሰው አጥቶ ቀረ።