ድምፅ ያልተሰጠው ቁጥር

ስሙኝማ፣ እኔ ስለ መንፈስ ምናምን ሲወራ «በቃ አታድርቁኝ» ብዬ የምነሳ ሰው ነኝ፣ ዛሬም አምናለሁ አልልም፣ የሆነውን ብቻ ልንገራችሁ።

ቂርቆስ ውስጥ ሙዚቃ የማቀናብርባት ጠባብ ክፍል አለችኝ። ጓደኛዬ ሚኪ፣ ነፍሱን ይማርና፣ ድራም የሚመታው እዚያ ነበር፣ ያላለቁ ዘፈኖች ትቶ ሞተ። ባለቤቱ ትዕግስት «ሌላ ሰው እንዳይመታበት፣ የእሱ እጅ ይሰማ፣ ከእሱ የቀረኝ ይሄ ብቻ ነው» ብላ ለመነችኝ፣ እንዴት እምቢ ይባላል?

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ በኤሌክትሪክ ድራም የተመታ ነገር በሚዲ ሲቀዳ ኮምፒውተሩ የሚይዘው ድምፁን ሳይሆን የምቱን ቁጥር ነው፣ ለቁጥሩ ድምፅ የሚሰጠው የምትመርጡት የድራም ሶፍትዌር ነው፣ ሶፍትዌሮቹ ደግሞ እርስ በርስ አይስማሙም፣ አንዱ ጋ ኪክ፣ በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ፣ የሆነው ሌላው ጋ ሲምባል ይሆንና የሰውየው ምት ድስት የወደቀ ይመስላል። ስለዚህ ለሁሉም የሚሆን አንድ የጋራ አሰላለፍ ሠራሁ፣ ኪኩን ከኪክ፣ ስኔሩን ከስኔር።

ሁሉም ቦታ ቦታውን ሲይዝ አንድ ቁጥር ተረፈ። የትኛውም ድራም ላይ ድምፅ የለውም፣ ግን በየዘፈኑ መጨረሻ አለ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አንዴ። ሳጫውተው፣ እመኑኝ፣ ጮኸ፣ ኳ ኳ... ኳ፣ ቁርጥ የቆርቆሮ ድምፅ። ስፒከሩን ነቀልኩት፣ አሁንም ኳ። ፈራሁ፣ ማለቴ ተናደድኩም፣ «ሚኪ፣ ተው እንጂ!» አልኩና ከየዘፈኑ እየለቀምኩ አጠፋሁት። ጸጥ አለ፣ ሻይ አዘዝኩ።

ሻዩን ሳልጨርስ ትዕግስት ደወለች። ካዛንቺስ የነበረው ቤታቸው ከፈረሰ ወዲህ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው።

«አንተ ነህ እንዴ በር የምታንኳኳው?»

«እኔማ ቂርቆስ ነኝ፣ ምነው?»

«ሚኪ ሲመጣ የካዛንቺሱን የቆርቆሮ በር እንዴት እንደሚመታ ታውቅ የለ? ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አንዴ። እንደሱ እየተንኳኳ ነው። የዚህ ቤት በር እኮ እንጨት ነው፣ ድምፁ ግን ቆርቆሮ ነው። ልክፈትለት?»

ያስፈራኝ ድምጿ ውስጥ ያለው ደስታ ነው። «እንዳትከፍቺ!» አልኳት። ያጠፋሁትን ቁጥር ልመልስ ብል ኮምፒውተሩ ውስጥ ደብዛው የለም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ማንኳኳቱ አላቆመም፣ እሷም በደወለች ቁጥር «ልክፈትለት?» ነው፣ እኔም «ተይ» እላለሁ። ትናንት ግን አልጠየቀችኝም። «ቆሞ ቆሞ ደከመው እኮ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ዛሬ ጠዋት ስልኳን አላነሳ ስትል ሄድኩ። በሯ ተዘግቷል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከውስጥ በኩል ተንኳኳ፣ ሁለቴ ቶሎ ቶሎ፣ ከዚያ አንዴ።