ያላሻገርኳቸው አሥራ ሁለት ፎቶዎች

ይህ የሆነ ነገር ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው።

ቅዳሜ ነበር፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል። ቦታው በውቅያኖሱ መሃል ያለችው ሳቫይ ደሴት፣ ባሕሩ ዳር ያለው ቤታችን።

ጠዋቱ እንደ ማንኛውም ቅዳሜ ነበር። የቤቱን መጋረጃዎች ወደ ላይ ጠቀለልኩ። ግቢውን ጠረግሁ። እዚያው ግቢ ውስጥ ባለው የባለቤቴ መቃብር ላይ የረገፉትን ቅጠሎች ለቀምኩ። ውሃ ጣድኩና የተማሪዎቼን ደብተር ማረም ጀመርኩ።

ባለቤቴ ኤኔሌ ከሞተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። ስለ ሐዘኔ አልጽፍም። ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ብቻ ልንገራችሁ።

የገደለው ፊሊሞኒ የሚባል የመንደራችን ወጣት ነው። ኤኔሌ ከጎደሬ ማሳው በእግሩ ሲመለስ፣ ፊሊሞኒ ሰክሮ ሲነዳ ገጨው።

በእኛ ዘንድ ሰው የገደለ ሰው ጎህ ሳይቀድ ከዘመዶቹ ጋር መጥቶ በሟች ደጃፍ ይንበረከካል። የክብር ሰሌን ከራሱ ላይ ይከናነባል። የሟች ወገን ሰሌኑን ካነሳለት ታረቀ ማለት ነው፤ ነገሩ ዳግመኛ አይወሳም።

ካላነሱለት ግን... እንደተንበረከከ ይቆያል።

ለፊሊሞኒ ሰሌኑን ያነሱለት ሌኣሳ ናቸው፤ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ የቤተሰባችን አለቃ።

እኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ፍርድ ቤቱም እርቁን አይቶ ቅጣቱን አቀለለለት። በሰባት ወሩ ከእስር ተመለሰ። ከቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሃል ቆሞ በዚያ ወፍራም ድምፁ ይዘምራል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ፈገግ ብሎ «እንደምን አደሩ መምህርት?» ይለኛል።

እኔም «ደህና» እላለሁ።

ያን ቅዳሜ የኤኔሌ እህት ላጊ አዲስ ላፕቶፕ ይዛልኝ መጣች። ወንድሜ ከኦክላንድ የላከልኝ ነው። አሮጌውን ከፈተችና ከቁልፎቹ መሃል የሚወጡትን ጉንዳኖች እያየች ሳቀች።

«ፉአቲኖ፣ ይሄ ኮምፒውተር ነው የጉንዳን ቤት?»

«አትሳቂበት፤ የወንድምሽ ነው።»

«ድምፁም የሱ ነው። እንዲህ ነበር የሚያንኮራፋው።»

ሳላስበው ሳቅሁ።

«ስሚኝ፣ አዲሱ ቦታው ጠባብ ነው፤ ሁሉን አይችልም» አለች። «ምልክት ያደረግሽበት ይሻገራል። ያላደረግሽበት ይቀራል። ከዚያ አሮጌው ላይ የቀረውን ሁሉ አጥፍቼ ለአጎቴ ልጆች እሰጠዋለሁ።»

ጎን ለጎን ተቀምጠን መምረጥ ጀመርን። የፈተና ወረቀቶች ይሻገሩ። የሠርጋችን ፎቶዎች ይሻገሩ።

«ይሄስ? አሥራ አራት ፎቶ... የአንድ አሳማ?»

«ኤኔሌ ነው ያነሳው። ይወደው ነበር።»

«በላነው እኮ!»

«ፎቶውን አልበላነውም። ይሻገር።»

ቀጥሎ የመጣው ፎልደር «ያ ጠዋት» ይላል። ፎቶዎቹን በስልኳ ያነሳችው ራሷ ናት፤ ኦክላንድ ያሉት ዘመዶች ካላየን ብለው ነበር።

«ካካዎ ላፍላ» አለች ላጊ፤ ወደ ማድ ቤት ሄደች።

ሠላሳ አንድ ፎቶ ነው። አንድ በአንድ አየኋቸው።

ከአንደኛው እስከ አሥራ ዘጠነኛው ፊሊሞኒ ከሰሌኑ ሥር ተንበርክኳል። በሃያኛው የሌኣሳ እጅ ሰሌኑን አንስቶለታል። ከዚያ ማቀፍ፣ ከዚያ ማልቀስ። በሠላሳ አንደኛው ፊሊሞኒ በደጃፌ ተቀምጦ ይበላል። አፉ ሞልቷል።

ከአንድ እስከ አሥራ ዘጠኝ ምልክት አደረግሁ።

የቀሩትን አሥራ ሁለቱን ባዶ ተውኳቸው።

ቦታ ጠቦኝ አልነበረም። የምሠራውን አውቃለሁ።

በልቤ «እንደተንበረከክህ ቅር» አልኩ።

ላጊ ካካዎውን ይዛ ተመለሰች።

«ጨረስሽ?»

«ጨረስኩ።»

«የተረሳ የለም?»

«የምፈልገው ሁሉ አለ።»

ሲሻገር አርባ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ አሮጌው ላይ የቀረውን ሁሉ አጠፋች።

ከቤተ ክርስቲያኑ የመዘምራን ልምምድ ይሰማ ነበር። ላጊ አሮጌውን ዘግታ ስትነሳ ወፍራሙ ድምፅ ተቋረጠ... ከስንኙ መሃል። መዝሙሩ ቀጠለ። ያ አንድ ድምፅ ብቻ አልተመለሰም።

«ምነው፣ ፊሊሞኒን አነቀው እንዴ?» አለች ላጊ።



ከሰዓት፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ አዲሱን ላፕቶፕ ከፈትኩ። አሥራ ዘጠነኛውን ፎቶ አወጣሁ።

ከሰሌኑ ኋላ የፊሊሞኒ አባትና ሁለት አጎቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠው ነበር። ጠዋት አይቻቸዋለሁ።

አሁን የሉም።

ሰሌኑ ብቻውን ነው።

ዓይኔ ነው ብዬ ዘጋሁት። እንደገና ከፈትኩት። ፎቶው ጎህ ሲቀድ የተነሳ ነው። በሣሩ ላይ ያረፈው ጥላ ግን... የዘጠኝ ሰዓት ጥላ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ የፊሊሞኒ እናት ሴፒና መጣች። ደጃፌ ድረስ መጥታ አታውቅም፤ ታፍራለች።

«መምህርት... ልጄን አላዩትም?»

«አላየሁትም።»

«ከመዘምራኑ መሃል ጠፋ። ሲወጣ ያየው የለም። ነጠላ ጫማው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንዳለ ነው...»

«ይመጣል» አልኳት።

እሑድ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መጋረጃውን ጠቀለልኩ።

ሣሩ ላይ፣ ከኤኔሌ መቃብር አጠገብ፣ ሰሌን ነበር።

ከሥሩ ሰው ተንበርክኳል።

በመንገዱ ስታልፍ ያየችው ላጊ ሮጣ ሌኣሳን ጠራቻቸው። ጎረቤት ተሰበሰበ። ሌኣሳ እየሳቁ ነበር የመጡት።

«ተነስ እንጂ ልጄ! ምን ነካህ? ይሄ ነገር ድሮ አልቋል። በገዛ እጄ አይደል እንዴ ያነሳሁልህ?»

የሰሌኑን ጫፍ ይዘው ሳቡ።

አልተነሳም።

ሳቃቸው ጠፋ። ሁለት ጎልማሶች አገዟቸው። ከዚያ አራት። ሰሌኑ ከጨርቅ የሳሳ ነው፤ አራት ወንዶች ግን ላብ አጠመቃቸው።

ከሥሩ ድምፅ ተሰማ። የፊሊሞኒ ነው... ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል።

«መምህርት...»

ሁሉም ዞረው አዩኝ።

«መምህርት... ያንሱልኝ...»

ላጊ ስልኳን አወጣች። የዚያን ጠዋት ፎቶዎች ፈለገች። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «አሥራ ዘጠኝ ብቻ ነው ያለው... የቀረው የት ሄደ?» አለች።

«አላሻገርኩትም።»

«ስልኬ ላይ ነበር እኮ፣ ፉአቲኖ!»

ሌኣሳ ቀስ ብለው ቀረቡኝ።

«ምን አደረግሽ?»

«እርስዎ አነሱለት። እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ከዚያ፣ ሕዝብ ፊት፣ ያ ኩሩ ሰው አንገታቸውን ደፉ።

«አሁን እየጠየቅኩሽ ነው፣ ልጄ።»

«በሁለት ዓመት ዘገዩ።»

ሴፒና እግሬ ሥር ወደቀች። ላጊ ክንዴን ይዛ «ወንድሜን ከወደድሽው አንሺለት... እባክሽ» አለችኝ።

ወደ ሰሌኑ ሄድኩ። ጎንበስ አልኩ። ከሥሩ ትንፋሽ ይሰማል፤ አጭር አጭር፣ የሰው ትንፋሽ። ጫፉን በሁለት ጣቴ ያዝኩት።

ቀላል ነበር። እንደ ላባ። በእኔ እጅ ይነሳ ነበር።

የፊሊሞኒን ጣቶች አየሁ። ሣሩን ጨብጠዋል።

ማወቅ የፈለግሁት ይነሳ እንደሆነ ብቻ ነበር።

መልሼ ለቀቅኩት።

ቤቴ ገብቼ፣ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። የቤተ ክርስቲያን ደወል ተደወለ። ከግቢዬ የተንቀሳቀሰ አልነበረም።

«መምህርት...»

«መምህርት...»

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ሰሌኑ መውረድ ጀመረ።

መጀመሪያ ራሱ... ከዚያ ትከሻው... ከዚያ ጀርባው። ማንም አልነካውም። ቀስ እያለ፣ እያነሰ፣ ከመሬት ጋር እኩል ሆነ።

ያኔ ሌኣሳ በአንድ እጃቸው አነሱት።

ሣሩ ላይ የሁለት ጉልበት አሻራ ነበር። ሌላ ነገር የለም።

ፖሊስ መጥቶ ሄደ። ባሕሩም ጫካውም ተፈተሸ። አራት ወር ሆነው። ሴፒና በደጃፌ ስታልፍ ቀና ብላ አታየኝም። ላጊ ከዚያ ወዲህ አልመጣችም። ብትጠይቁኝ፣ ያን ዕለት ማንሳት ነበረብኝ አልላችሁም።

አንዳንድ ጠዋት አሥራ ዘጠነኛውን ፎቶ እከፍታለሁ። ሰሌኑ አሁንም ጉብ እንዳለ ነው። ጥላው ከቀኑ ጋር ይዞራል። ዝናብ በዘነበ ቀን... ይረጥባል።

በመንደሩ ግን ፊሊሞኒ የለም። ሃያ ሰባት ዓመቱ ነበር።