የውሰት መርጫ

እናንተ ብትሆኑ፣ ዳጉሳ ስለደረቀ ልጃችሁን ከምትወደው ሰው ትለያላችሁ? ከጉንደ ወይን ወረድ ብሎ ባለ ቀበሌ ይህ ሊደረግ ነበር፤ ያውም ማንም ሳይጠይቅ፣ ማንም ሳይመረምር!

የብርጓል የምትባለው ልጅ የግብርና ባለሙያውን አካለ ወልድን የወደደችው ውሃ ስታቀብለው ነው። ናኖ የሚሉትን ፈሳሽ ማዳበሪያ በውሃ በጥብጦ የአባቷን የአቶ ታረቀኝን ዳጉሳ ሊረጭ መጥቶ ነበር።

«ይቺን ጠርሙስ ነው ማዳበሪያ የምትላት?» አለችው እየሳቀች።

«ቅንጣቱ ረቂቅ ነው፤ በቅጠሉ ይገባል።» ቀና ብሎ አያት። «ሳይታይ የሚገባ ነገር አታውቂም?»

አቀርቅራ ጀሪካኗን አነሳች። ታውቅ ነበር።

ለመስቀል ሽማግሌ ሊልክ ተስማሙ።

አካለ ወልድ የረጨበትን መርጫ ያዋሰው ጎረቤታቸው ይስማው ነው፤ አምና የብርጓልን ለጋብቻ ጠይቆ እምቢ የተባለ። አካለ ወልድ «ታጥቧል ወይ?» ሲለው፣ «ታጥቧል ወንድሜ፣ እርጭ» ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግታው የብርጓልን ደስ አላላትም።

ብዙም ሳይቆይ ዳጉሳው ገረጣ፤ ከዚያ እሳት የበላው መሰለ። ለአካለ ወልድ ሰላምታ የሚመልስ ጠፋ። ጎረምሶች ዱላቸውን ይዘው ከኋላው ይከተሉት ጀመር።

«አባየ፣ እሱ ምን አጠፋ?»

«መርዝ ረጨብኝ! እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በሸንጎ ከአገራችን ይውጣልን እላለሁ። አንቺም ስሙን እንዳታነሺብኝ!»

በማግስቱ ብቻዋን ማሳው ውስጥ ገባች። አካለ ወልድ መርጨት የጀመረበት ዳር ሙሉ በሙሉ ሞቷል። ወደ ውስጥ በዘለቀች ቁጥር ግን ቢጫው እየሳሳ ሄደ። መጨረሻ የረጨው ጥግ ላይ ዳጉሳው ካልተረጨውም በልጦ፣ ወፍሮ ቆሟል። ማዳበሪያው ያው፣ ውሃው ያው! መርጫው ነው በተሞላ ቁጥር እየጠራ የሄደው። በዚያ ሰሞን የይስማው ወሰን ላይ ያለው ሣር በፀረ አረም ድርቅ ብሎ እንደነበር ትዝ አላት። የረጨው በዚሁ መርጫ መሆን አለበት!

እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ አካለ ወልድ ብቻውን ቆሟል። ዱላ የያዙት ከበውታል። በዚያ ሸንጎ ሴት ልጅ ተናግራ አታውቅም። የብርጓል ግን ሰዉን ሰንጥቃ ገባችና ከጎኑ ቆመች፤ በአንድ እጇ የተቃጠለ፣ በሌላው ያማረ ዳጉሳ ይዛለች።

«አባየ፣ ሁለቱም ከእርስዎ ማሳ ናቸው፤ ሁለቱንም የረጨው እሱ ነው። የሞተው መጀመሪያ የተረጨው፣ ያማረው መጨረሻ የተረጨው ነው!»

አካለ ወልድ ዳጉሳውን አየ፤ ከዚያ እሷን።

እሷ ወደ ይስማው ዞረች። ፊቱ ላይ ያ ፈገግታ የለም።

«ታጥቧል ያልከው አንተ ነህ። መርጫው ውስጥ ምን ነበር? ለእኔ ብቻ አይደለም፤ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት መልስ!»